ስቲቭ ብሉመር፦ ከ1992 በፊት ግብ ያገባ ሰው አልነበረም እንዴ?

የጎል መዝገብ (ክሩን የከፈተው)

የእንግሊዝ ግብ አግቢዎች ስም በተነሳ ቁጥር ቆጠራው ፕሪሚየር ሊግ ከተጀመረበት ከ1992 ይጀምራል። አላን ሺረር 260፣ ቀጥሎ ሃሪ ኬን፣ ቀጥሎ ዌይን ሩኒ፣ በቃ። ሊጉ ግን የተመሠረተው በ1888 ነው። የውድድሩ ስም ስለተቀየረ ብቻ የመቶ አራት ዓመት ግብ ከመዝገብ ይፋቃል? (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በከፍተኛው ዲቪዚዮን የምንጊዜም ቀዳሚው ጂሚ ግሪቭስ ነው፤ 357 ግብ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሰው ጫማውን የሰቀለው አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ወራት ሲቀሩት ነው። ስቲቭ ብሉመር ይባላል። አንዳንዱ መዝገብ 314፣ ሌላው 317 ይሰጠዋል፤ በየትኛውም ቢቆጠር ሁለተኛነቱን የሚነካበት የለም።

በጥር 1874 ክራድሊ ተወለደ፤ ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ደርቢ ከተማ ሄደ፤ በወጣትነቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በ1892 ለደርቢ ካውንቲ መሰለፍ ጀመረ። እዚያ የጠበቀው ጆን ጉዶል ነው፤ በ1888–89 ሊጉን ሳይሸነፍ ከወሰደው፣ የኤፍ ኤ ዋንጫንም ከደረበበት የፕሬስተን ቡድን የመጣ አንጋፋ አጥቂ። ልጁ በእሱ እጅ አደገ ማለት ይቻላል። ቀጭን፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ፊቱም ከመገርጣቱ የተነሳ በዚያው ቅጽል ስም የወጣለት ሰው ነበር። ሲያዩት አጥቂ አይመስልም። ኳስ እግሩ ስር ስትደርስ ግን አያቆማትም፤ በደረሰችበት እግር፣ ግራም ይሁን ቀኝ፣ እዚያው ይመታታል፤ ምቱም ሣር ለሣር ይሄዳል።

በከፍተኛው ዲቪዚዮን አምስት ጊዜ በኮከብ ግብ አግቢነት ጨርሷል፦ በ1895–96 (ያን ዓመት ከአስቶን ቪላው ጆኒ ካምቤል ጋር እኩል ነበር)፣ በ1896–97፣ በ1898–99፣ በ1900–01 እና በ1903–04። ለብሔራዊ ቡድኑ ደግሞ 23 ጊዜ ተሰልፎ 28 ግብ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ጨዋታዎቹ ላይ አንዱንም ሳይዘልል አግብቷል፤ በአሥሩ ጨዋታ 19። በመጋቢት 1896 ካርዲፍ ላይ እንግሊዝ ዌልስን 9 ለ 1 ስታሸንፍ አምስቱ የእሱ ናቸው።

እኔ ከእንግሊዝ አጥቂዎች ሁሉ ከግሪቭስ ቀጥሎ አስቀምጠዋለሁ። የሚቃወም ይምጣ።

የቁጥር ሰው

መጥቻለሁ።

ወንድሜ፣ አንድ ሒሳብ ልሥራልህ። ብሉመር በሊግ በሁለቱም ዲቪዚዮኖች በጠቅላላ 598 ጨዋታ ተጫውቶ 352 ግብ አግብቷል። አካፍለው፤ በአንድ ጨዋታ 0.59። አንተ የናቅከው ሺረር በፕሪሚየር ሊግ 441 ጨዋታ፣ 260 ግብ። አካፍለው፤ እሱም 0.59። ግሪቭስ በ516 ጨዋታ 357 ነው፤ 0.69። ስለዚህ ሰውየው በአማካይ ሺረር ነው እንጂ ግሪቭስ አይደለም። ብዛቱ የመጣው ሃያ ዓመት ከመጫወቱ ነው።

ሌላም አለ። 28ቱ የብሔራዊ ቡድን ግቦች የገቡት በማን ላይ ነው? በዌልስ 12፣ በአየርላንድ 8፣ በስኮትላንድ 8። ከሦስት ጎረቤት በቀር ማንንም አላየም።

በረኛው

ልጆች፣ ቁጥር ከማካፈላችሁ በፊት ሕጉን እዩ። እኔ በልጅነቴ ግብ ጠባቂ ስለነበርኩ የሚገባኝ በዚያ በኩል ነው።

በብሉመር ዘመን በረኛ ኳስ በእጁ የሚይዘው በፍፁም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ብቻ አልነበረም። እስከ 1912 ድረስ በራሱ የሜዳ አጋማሽ የትም ቦታ በእጁ መንካት ይችል ነበር። ብሉመር የተጫወተባቸውን ዓመታት ቁጠሩ፤ ማለት ይቻላል ሙሉ ዕድሜው በዚያ ሕግ ስር ነው ያለፈው። አጥቂው ተከላካዮቹን ጥሎ ሲያመልጥ በረኛው እስከ መሐል ሜዳ ድረስ ወጥቶ ኳሷን በእጁ ሊያፍሳት ይችላል። አሁን ያለ አጥቂ ይህን ያስበው።

ለበረኛም ቢሆን ዘመኑ ቀላል አልነበረም። ኳስ ይዞ የቆመን በረኛ በትከሻ ገፍቶ ከነኳሱ መረብ ውስጥ መክተት የተፈቀደ ነበር። እኔ በዚያ ዘመን አልቆምም ነበር፤ እውነቱን ልናገር።

የቁጥር ሰው

ጋሽ በረኛው፣ አክብሬዎት ልመልስ። የበረኛው እጅ አጥቂውን ይጎዳል፣ ትከሻው ደግሞ አጥቂውን ይጠቅማል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። በ1890ዎቹ በሊጉ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከሦስት ግብ በላይ ይገባ እንደነበር አይርሱ። ግብ የረከሰበት ዘመን ነው።

የጎል መዝገብ

ኦፍሳይዱን ዘለልከው እኮ! ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ዛሬ አንድ አጥቂ ኳስ ሲሻገርለት በእሱና በግቡ መስመር መካከል ሁለት ተጋጣሚ ካለ ይበቃል፤ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ በረኛው ነው። እስከ 1925 ድረስ ግን ሦስት ያስፈልግ ነበር። ይህ ማለት ከሁለቱ የኋላ ተከላካዮች አንዱ ብቻ ወደፊት እርምጃ ከወሰደ አጥቂው ከጨዋታ ውጪ ነው፤ ወጥመዱ ባይሳካ እንኳ ሁለተኛው ተከላካይ ኋላ ቆሞ ይጠብቃል። ለተከላካይ ምንም ኪሳራ የሌለው ንግድ ነው። የኒውካስሉ ቢል ማክራከን በዚህ ዘዴ ስሙ እስኪገን ድረስ አጥቂዎችን አስለቅሷል። እስከ 1907 ደግሞ በራስህ የሜዳ አጋማሽ ቆመህም ከጨዋታ ውጪ ልትባል ትችል ነበር። 1907 ብሉመር ለእንግሊዝ የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገበት ዓመት ነው።

ሕጉ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ሲነሳ ምን እንደሆነ ተመልከት። በ1924–25 በአንደኛው ዲቪዚዮን በ462 ጨዋታ 1,192 ግብ ገባ። ሕጉ በበጋው ተቀየረ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው 462 ጨዋታ 1,703 ግብ። ተጫዋቾቹ በአንድ በጋ አልተለወጡም፤ ሕጉ ነው የተለወጠው።

አንተ ግብ የረከሰበት ያልከው 1890ዎቹን ነው፤ እሺ። ወጥመዱ እየተስፋፋ፣ ግብ እየቀነሰ በሄደባቸው ዓመታትም ሰውየው ማግባቱን አላቋረጠም። በ1903–04 ቀዳሚ ሲሆን ዕድሜው ሠላሳ ደርሶ ነበር፤ 34 ጨዋታ ብቻ ባለው ሊግ 20 ግብ።

ጉዲሰን

ይህን 1,703 ያነሳኸው ለብሉመር ብለህ ነው፤ እኔ ግን ለዲክሲ ዲን እወስደዋለሁ። በ1926–27 የሚድልስብሮው ጆርጅ ካምሴል በሁለተኛው ዲቪዚዮን 59 አገባ። በቀጣዩ ዓመት ዲን ለኤቨርተን በ39 ጨዋታ 60 አገባ። የመጨረሻው ቀን ከአርሰናል ጋር ነበር፤ ክብረ ወሰኑን ለመውሰድ ሦስት ግብ ያስፈልገው ነበር፤ ሦስት አገባ። ያውም ከሁለት ዓመት በፊት በሞተር ብስክሌት አደጋ የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ የነበረ ልጅ።

አዲሱ ሕግ ለሁሉም አጥቂ እኩል ነበር። 60 ያገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለኤቨርተን በሊግ 399 ጨዋታ 349 ግብ። የቁጥር ሰው፣ ይህንንም አካፍልልን።

የቁጥር ሰው

0.87። ዲን አንደኛ። ክርክሩ አለቀ።

የጎል መዝገብ

አላለቀም። አንተ ሜዳው ዳገት በነበረበት ጊዜ የሮጠውንና ከተደለደለ በኋላ የሮጠውን በአንድ ሰዓት ትለካለህ።

ሰናይት የኳስ

የምትከራከሩት ስለ ቁጥር ብቻ ነው፤ እኔ የምጠይቀው ስለ ዋንጫ ነው። ይህ ሁሉ ግብ ለደርቢ ምን አመጣ?

ራሴው ልመልሰው። በ1895–96 በሊጉ ሁለተኛ። በ1898 የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍፃሜ በኖቲንግሃም ፎረስት 3 ለ 1 ሽንፈት፤ የደርቢን ግብ ያገባው ብሉመር ነው። በ1899 በሼፊልድ ዩናይትድ 4 ለ 1 ሽንፈት። በ1903 ብሉመር ተጎድቶ ከፍፃሜው ቀረ፤ ደርቢ በቤሪ 6 ለ 0 ተቀጠቀጠ። ያ ውጤት የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍፃሜ ትልቁ ልዩነት ሆኖ ዘንድሮም አለ፤ ማንቸስተር ሲቲ በ2019 ዋትፎርድ ላይ እኩል አደረገው እንጂ አላለፈውም። እኔ ስለ ብሉመር ዋጋ ከሚነገሩት ሁሉ ይህን የ1903 ፍፃሜ አስቀድማለሁ። እሱ ባለበት ተሸንፈው ግብ ያገኛሉ፤ በሌለበት ስድስት ይቆጠርባቸዋል።

የደርቢ ሰዎች ግን ሌላ ምክንያት አላቸው። ክለቡ በ1895 ቤዝቦል ግራውንድ ወደተባለው ሜዳ ሲዛወር በቦታው ሰፍረው የነበሩ ዘላኖች ተፈናቀሉ፤ እነሱም ረገሙን ይላሉ። ዋንጫውን ያነሱት ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1946 ነው፤ በዚያን ጊዜም ከፍፃሜው በፊት እርግማኑን ለማስነሳት ሽማግሌ ተላከ ይባላል።

ሰኞ ማለዳ

እርግማኑ ለሌሎች ክለቦችም በስህተት ደርሶ ይሆናል እንጂ የእኔን ቡድን ምን ነካው?

በረኛው

የሜዳው ስም ቤዝቦል የሆነው በከንቱ አይደለም። ፍራንሲስ ሌይ የተባለ የብረት ፋብሪካ ባለቤት አሜሪካ ደርሶ ተመልሶ ለሠራተኞቹ የገነባው የቤዝቦል ሜዳ ነበር። ብሉመርም በበጋ ቤዝቦል ይጫወት ነበር፤ ለደርቢ ሦስት ጊዜ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆኗል። ዋንጫ የለውም የምትይው ልጄ፣ አለው፤ ስፖርቱ ሌላ ሆነ እንጂ።

አዲስ አባል 7

ለምን ወደ ትልቅ ክለብ አልሄደም? ገንዘብ አልነበረም?

ሰናይት የኳስ

ገንዘብ ነበረ፤ ለተጫዋቹ አልነበረም። ከ1901 ጀምሮ የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ በሳምንት 4 ፓውንድ ሆነ። ኮከቡም ተራው ተጫዋችም ከዚያ በላይ አያገኝም። ክለቦቹ ግን ለዝውውር ያወጡ ነበር፤ በ1905 ሚድልስብሮ ከመውረድ ለመዳን አልፍ ኮመንን ከሰንደርላንድ በ1,000 ፓውንድ ሲገዛ አገር ተንጫጫ። በቀጣዩ ዓመት በመጋቢት ያው ሚድልስብሮ ብሉመርን በ750 ፓውንድ ወሰደ። ደርቢ ገንዘቡ ስለቸገረው ሸጠ።

ውጤቱን ተመልከት። ብሉመር በ1906 ሄደ፤ በ1907 ደርቢ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። በ1910፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ መልሰው አመጡት፤ በ1912 አምበል ሆኖ የሁለተኛውን ዲቪዚዮን ሻምፒዮንነት ይዞ መለሳቸው። የመጨረሻ ጨዋታውን በጥር 1914 ሲያደርግ ዕድሜው አርባ ገደማ ነበር። ለደርቢ በሁለቱ ቆይታው በሁሉም ውድድር 525 ጨዋታ፣ 332 ግብ። የክለቡ የምንጊዜም ቀዳሚ አሁንም እሱ ነው።

ስፔን ቤት

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ግማሹ ታሪክ ነው። የሰውየውን ሌላ ሕይወት ማንም አላነሳም።

ጫማ ከሰቀለ በኋላ በሐምሌ 1914 ብሪታኒያ በርሊን የተባለውን ክለብ ሊያሠለጥን ወደ ጀርመን ሄደ። ወሩን አስታውሱ። ሻንጣውን ፈትቶ ሳይጨርስ ጦርነቱ ፈነዳ። ጀርመን ውስጥ የነበሩ የእንግሊዝ ወንዶች ተለቅመው ከበርሊን በስተምዕራብ ሩሌበን በሚባል የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ታጎሩ። ማደሪያቸው የፈረስ ጋጣ ነበር፤ ጋጣ ያልደረሰው ከላይ ባለው የድርቆሽ ጎተራ ይተኛ ነበር። ከአራት ሺህ በላይ ሰዎች፦ መርከበኛ፣ ነጋዴ፣ ተማሪ፣ ሙዚቀኛ። ከተማሪዎቹ አንዱ ኋላ ኒውትሮንን ያገኘው ጄምስ ቻድዊክ ነው።

እግር ኳሱ ደግሞ የሚገርም ነበር። ጀርመን በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ አሠልጣኞች መጉረፊያ ስለነበረች በዚያ ግቢ የቀድሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ተጠራቅመዋል፦ ብሉመር፣ ፍሬድ ፔንትላንድ፣ ሳም ዎልስተንሆም፤ የስኮትላንዱ ጆን ካሜሮንም አለ። የራሳቸውን ፌዴሬሽን አቋቋሙ፤ እያንዳንዱ ጋጣ ቡድን ነበረው፤ ሊግ ነበራቸው፤ ዋንጫም ነበራቸው። በበጋ ክሪኬት ይጫወቱ ነበር፤ ብሉመር በዚያም ጎበዝ ነበር። አርባውን ያለፈ ሰው በጦር ጠላት አገር፣ በእስረኛ ተመልካች ፊት ግብ ያገባ ነበር። እነዚያ ግቦች በየትኛውም የሊግ ሰንጠረዥ ላይ የሉም።

በ1918 ወደ ኔዘርላንድስ እንዲሻገር ተፈቀደለት፤ እዚያም ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፣ ብላው ዊት የተባለውን የአምስተርዳም ክለብ አሠለጠነ።

ከዚያ ስፔን። በ1923 ከፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለችው የኢሩን ከተማ ክለብ ሪያል ዩኒየን ቀጠረው። ሰናይት ዋንጫ ጠይቀሽ ነበር፤ ይኸውልሽ፦ በ1924 የስፔን ንጉሥ ዋንጫ። በግማሽ ፍፃሜ ባርሴሎናን አስወጡ፤ በፍፃሜው ሳን ሴባስቲያን ላይ ሪያል ማድሪድን 1 ለ 0 አሸነፉ። እንግሊዝ ውስጥ በሃያ ዓመት ያላገኘውን ዋናውን ዋንጫ ድንበር ላይ ባለች ትንሽ ከተማ በመጀመሪያው ዓመቱ አገኘ። የጋጣ ጓደኛው ፔንትላንድም ስፔን ሄዶ አትሌቲክ ቢልባኦን ታላቅ ያደረገ አሠልጣኝ ሆነ። ሁለት እስረኞች የአንድን አገር እግር ኳስ አስተማሩ ብል ብዙ አላጋነንኩም።

አዲስ አባል 7

ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት አንድም የስፖርት ፕሮግራም ሲያነሳው አልሰማሁም። መጨረሻው እንዴት ሆነ?

ስፔን ቤት

ወደ ደርቢ ተመልሶ ክለቡን እያገለገለ ኖረ። በሚያዝያ 1938 እዚያው ሞተ። በ2009 በአዲሱ ስታዲየም፣ ከባለሜዳው ተጠባባቂዎች መቀመጫ አጠገብ፣ ሐውልቱ ቆመለት። ስለዚህ አንድ የደርቢ አጥቂ ተቀይሮ ሲወጣ በእሱ ፊት ነው የሚያልፈው። ደጋፊው ከጨዋታ በፊት የሚዘምረው መዝሙርም ስሙን ያነሳል።

ጉዲሰን

ታሪኩ ልብ ይነካል፤ አልክድም። ግን ሰው ስለታሰረ የግብ አማካዩ ከፍ አይልም። ዲን።

የጎል መዝገብ

ወደ ጉዳዩ እንመለስ። የቁጥር ሰው፣ ስለ «ሦስት ጎረቤት» ያልከውን አልረሳሁትም። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ሌላ ተጋጣሚ አልነበራትም፤ ከባሕር ማዶ ወጥታ ሙሉ ብሔራዊ ጨዋታ ማድረግ የጀመረችው በ1908 ነው። ስኮትላንድ ደግሞ የምትናቅ ጎረቤት አልነበረችም፤ ብዙ ጊዜ እንግሊዝን ታሸንፋት ነበር። ብሉመር በእሷ ላይ 8 አግብቷል።

የብሉመርን 28 ያለፈው ቪቪያን ውድዋርድ ነው፤ በ1911፣ 29 ግብ፣ በእኩል 23 ጨዋታ። ድንቅ ተጫዋች፤ ክፍያ የማይቀበል አማተር፣ በሙያው አርክቴክት፣ በ1908 እና በ1912 በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ። ስሙን አላሳንስም። ግን ከ29ኙ ግቦች ግማሽ ያህሉ የገቡት ያኔ ገና በመማር ላይ በነበሩት በኦስትሪያና በሃንጋሪ ላይ ነው። እንግሊዝ በ1908 ቪየና ላይ ኦስትሪያን 11 ለ 1 አሸንፋለች። ብሉመር ወደዚያ ጉዞ ቢወሰድ ኖሮ ቁጥሩ ስንት ይሆን ነበር?

በረኛው

በዚያ ጉዞ የኦስትሪያ በረኛ መሆን አልፈልግም።

የቁጥር ሰው

ይህን የውድዋርድን ነገር ቀድመህ ብታመጣው ኖሮ ስለ ብሔራዊ ቡድኑ የጻፍኩትን ባልጻፍኩ ነበር። የኦፍሳይዱም 1,192 እና 1,703 ጠንካራ ነው፤ እቀበለዋለሁ። ብሉመርን ከሺረር በላይ አድርጌዋለሁ።

ከዲን በላይ ግን አላደርገውም። ያንን 60 ከሕጉ ጋር የምታጣፋልኝ ከሆነ መጀመሪያ በዚያው ሕግ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዲቪዚዮን 50 ያገባ ሌላ ሰው አምጣ።

ጉዲሰን

አያመጣም።